ልጅ ብቻውን ሽንት ቤት መቼ ይሂድ?

አዲስ አበባ ውስጥ ቆሼ አካባቢ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ሁሉ በየቀኑ የሚመልሰው፣ ነገር ግን ቁጭ ብሎ የማይነጋገርበት አንድ ጥያቄ አለ። ልጁ "ሽንቴ መጣ" ሲል ማን አብሮት ይሂድ? ወጡ እሳት ላይ ነው፤ ጨቅላው ጀርባ ላይ ታዝሏል፤ አለዚያም እናት ሥራ ውላ ቤት የቀረችው የ10 ዓመት እኅቱ ብቻ ናት። "በል ሩጥ፣ ቶሎ ተመለስ" ይባላል፤ ልጁም ይሮጣል። ሽንት ቤቱ ግን ቤት ውስጥ አይደለም። ከግቢው ጥግ ወይም ከመንገዱ ማዶ ነው፤ የሚጠቀምበትም አንድ ቤተሰብ ብቻ አይደለም።

መልሱን ከመጀመሪያው እናስቀምጠው። ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ወደ ጋራ ሽንት ቤት ብቻውን መላክ የለበትም። ከ5 እስከ 7 ዓመት ያለው፣ ትልቅ ሰው በሩ ላይ እየጠበቀው ራሱን ችሎ መጠቀም ይለማመዳል። ከዚያ በኋላ በቀን ብርሃን፣ የግቢው ሰው በሚያየው መንገድ፣ ብቻውን ሄዶ መመለስ ይችላል። መናኸሪያ፣ ገበያና ሆስፒታል ውስጥ ባለ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ግን እስከ 9 ወይም 10 ዓመቱ ድረስ ሰው ቢከተለው ይሻላል። እነዚህ ቁጥሮች መነሻ ናቸው። ከቁጥሩ የሚበልጠው ጉዳይ ግን ሌላ ነው፦ ልጁ ደርሷል ወይ ብለን ከመጠየቃችን በፊት፣ ሽንት ቤቱ ለልጅ ይሆናል ወይ ብለን መጠየቅ አለብን።

ቁጥር ብቻውን ለምን አይበቃም?

የኢትዮጵያ ሕግ ልጅ በዚህ ዕድሜ ብቻውን መጸዳጃ ቤት ይግባ የሚል አንቀጽ የለውም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናትን የሚመለከት እርምጃ በመንግሥትም ሆነ በግል ተቋም ሲወሰድ የሕፃናቱ ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል። ዝርዝሩ ለወላጅ ማስተዋል የተተወ ነው።

ለተቀራራቢ ጉዳይ ቁጥር ያወጡ አገሮችም በቁጥሩ አልተስማሙም። ጃፓን ውስጥ በሕዝብ መታጠቢያ ቤቶች ወንድ ልጅ ከእናቱ ጋር ወደ ሴቶች ክፍል፣ ሴት ልጅም ከአባቷ ጋር ወደ ወንዶች ክፍል መግባት የሚያቆሙበት ዕድሜ ለብዙ ጊዜ 10 ዓመት ነበር። በ2013 ዓ.ም. የጤና ሚኒስቴሩ መመሪያውን ወደ 7 ዓመት ዝቅ አደረገው። ደቡብ ኮሪያ ደግሞ 4 ዓመት ላይ አቁማዋለች። ልጅ የትም ልጅ ነው፤ የሚለያየው ቦታው፣ የቦታው ልማድና በቦታው ላይ ያለው ጥበቃ ነው። ስለዚህ የቆሼ ወላጅ የሚያስፈልገው ሰፈሩን የሚያውቅ መልስ ነው።

ሰፈሩ ምን ይመስላል?

ሁላችንም ቆሼ የምንለው የረጲ ቆሻሻ መጣያ በ1950ዎቹ ሥራ ሲጀምር ከከተማው ዳር ነበር። ከተማው እየሰፋ ሄዶ ከበበው። ከክምሩ ውስጥ ፕላስቲክና ብረታ ብረት እየለቀሙ የሚያድሩ ብዙ ቤተሰቦች ከሥሩ የጭቃና የላስቲክ ቤት ቀለሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ክምሩ ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የ3 ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። እነዚያ ሕፃናት ያጠፉት ጥፋት አልነበረም፤ ቤታቸው ነበሩ። ልጅ የሚኖርበት ቦታ ካልተስተካከለ የልጁ ጥንቃቄ ብቻውን እንደማያድነው ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር የለም።

ቤት ከቤት በተጠጋጋበት ሰፈር ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ሽንት ቤት የሚሆን ቦታ አይገኝም። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ከተሞች ከሚኖሩ ቤተሰቦች 35 በመቶ ያህሉ ሽንት ቤታቸውን ከሌላ ቤተሰብ ጋር የሚጋሩ ናቸው። በሌላ አገር ይህ ጥያቄ የሚነሳው ልጅ ይዞ ገበያ ሲወጣ ወይም መንገድ ሲኬድ ነው። እዚህ ግን ልጁ በቀን ሦስትና አራት ጊዜ የሚመላለስበት የራሱ ሽንት ቤት የጋራ ነው፤ ውሳኔው የዕለት ተዕለት ውሳኔ ነው።

መጀመሪያ ሽንት ቤቱን መፈተን

ወላጅ አንድ ቀን ከቤቱ በር ተነስቶ እስከ ሽንት ቤቱ ድረስ መንገዱን በልጁ ዓይን ይየው። ጎንበስ ብሎ በልጁ ቁመት ሲታይ ብዙ ነገር ይለወጣል።

መንገዱን እንጀምር። ልጁ ሲሄድና ሲመለስ ከቤት ወይም ከግቢው ሰው ዓይን ይሰወራል? ከሁለት ቤቶች ጀርባ የሚያልፍ፣ ማንም የማያየው ጠባብ መተላለፊያ ካለ፣ ሽንት ቤቱ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ልጁን ብቻውን መላክ አይገባም። በክረምት ጭቃው ያንሸራትታል? ክዳን የሌለው ዲች መሻገር አለበት? መኪና የሚያልፍበት መንገድ ካለ ውሳኔው ከሽንት ቤት ጉዳይ አልፎ መንገድ የማቋረጥ ጉዳይ ይሆናል።

ቀጥሎ በሩ ነው። በብዙ ግቢዎች ሽንት ቤቱ በጓጉንቸር ይቆለፋል፤ ቁልፉም ከጎማ ቁራጭ ጋር ታስሮ ከበሩ መቃን ላይ ከፍ ብሎ ይሰቀላል። የ6 ዓመት ልጅ አይደርስበትም። ቁልፉን ለማግኘት የሚያልፍ ሰው ይለምናል፤ ካጣም ከግድግዳው ጀርባ ይቀመጣል። ከውስጥ ያለው መዝጊያም እንዲሁ መታየት አለበት። የተጣመመ ሚስማር ወይም ሽቦ ከሆነ ልጁ ይዘጋውና መክፈት ያቅተዋል፤ ጭራሽ ከሌለ ደግሞ ሰው ድንገት ይገባበታል። የሚሻለው በልጅ ቁመት የተመታ፣ በአንድ እጅ የሚከፈት መቀርቀሪያ ነው።

ከሁሉም የሚከፋው ወለሉ ነው። የበሰበሰ እንጨት፣ የተሰነጠቀ ሲሚንቶ ወይም የሚወዛወዝ ጣውላ ያለበት ሽንት ቤት ለማንም አይሆንም፤ ለልጅማ ጭራሽ። ቀዳዳው ከአንድ ስንዝር ያልሰፋ ቢሆን ይመረጣል። ለትልቅ ሰው ተብሎ የተሠራ ሰፊ ቀዳዳ ላይ ትንሽ ልጅ እግሩን በሙሉ ከፍቶ መቆም አለበት፤ ያን ጊዜ ሚዛኑን ይስታል። ይህ ባዶ ስጋት አይደለም። በ2006 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ሊምፖፖ ውስጥ አንድ የ5 ዓመት ልጅ ትምህርት በጀመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት መቀመጫ ከሥሩ ተደርምሶ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሞቷል። ቤተሰቡ ለዓመታት ፍርድ ቤት ተመላልሶ በ2012 ዓ.ም. የአገሪቱ የይግባኝ ፍርድ ቤት ካሳ እንዲከፈለው ወሰነ። ያ ልጅ የሞተው ብቻውን መሄድ ስላልቻለ ሳይሆን መቀመጫው ስለበሰበሰ ነው።

ቀሪዎቹ ብርሃንና ውሃ ናቸው። በሩ ሲዘጋ ልጁ ቀዳዳውን ያያል? ጆግ ወይም በሀይላንድ የተቀዳ ውሃ ልጁ በሚደርስበት ቦታ አለ? ሲወጣ በሳሙና የሚታጠብበት ጀሪካን ቅርብ ነው? ሽንት ቤቱ ሞልቶ ከሆነ ደግሞ የሚፈተን ነገር የለም። ቦቴ መጥቶ እስኪያነሳው ድረስ ልጁ ብቻውን አይሂድ።

ከዚያ ልጁን መፈተን

ሽንት ቤቱ ካለፈ ተራው የልጁ ነው። ዕድሜው 6 ሆኖ የማይችል አለ፤ 5 ሆኖ ጎበዝ የሆነ አለ። በመጀመሪያ ልብሱን ራሱ ያውልቅ፣ ራሱም ይልበስ። ቀበቶና ጠንካራ ቁልፍ ያለው ሱሪ ትንሽ ልጅን ሽንቱ እያጣደፈው ያስለቅሰዋል፤ ወገቡ ላስቲክ የሆነ ልብስ ብዙ ችግር ይፈታል። ሁለተኛ፣ ሳይደገፍ ቁጢጥ ብሎ መቆየትና ልብሱን ከወለል ላይ ሰብስቦ መያዝ ይቻለው። ሦስተኛ፣ ራሱን ማጽዳት ይወቅ። በውሃም ሆነ በሶፍት፣ ሴት ልጅ ከፊት ወደ ኋላ እንድትጠርግ ማስተማር ያስፈልጋል፤ ከኋላ ወደ ፊት ሲሆን ተውሳክ ወደ ሽንት ቧንቧ ይገባል። ብዙ ልጆች በደንብ ማጽዳት የሚችሉት ከ5 ዓመት በኋላ ነው፤ እስከዚያ "ጨረስኩ" ሲል የሚመጣ ሰው ያስፈልገዋል።

አራተኛው እጅ መታጠብ ነው። በሳሙና እጅ መታጠብ የተቅማጥን በሽታ በሲሶ ገደማ ይቀንሳል። ብዙ ቤተሰብ በሚጋራው ሽንት ቤት የአንዱ ልጅ ተቅማጥ በበሩ እጀታ በኩል የሁሉም ልጅ ይሆናል። አምስተኛው አንደበት ነው። ልጁ "ሰው አለ!" ብሎ ከውስጥ ይመልስ፤ "እንቢ" ማለት ይቻለው፤ አንድ ነገር ሲሆን ወደ ማን እንደሚሮጥ በስም ይወቅ፤ ተመልሶም የሆነውን ይንገር።

አካል ጉዳት ያለበት ወይም ለመናገር የሚዘገይ ልጅ አጃቢ የሚያስፈልገው ለረጅም ጊዜ ነው። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። መሐሉ የተበሳ ወንበር ቀዳዳው ላይ ማስቀመጥ ወይም ግድግዳው ላይ መያዣ እንጨት መምታት ልጁ በራሱ የሚሠራውን ይጨምርለታል።

በደረጃ ማስለመድ

ዛሬ እየተያዘ የሚሄድን ልጅ ነገ "ራስህን ችለሃል" ብሎ መልቀቅ አይሆንም። መጀመሪያ ወላጅ አብሮ ገብቶ ያሳየዋል። ቀጥሎ ልጁ ይገባል፣ ወላጅ በሩን ገርበብ አድርጎ ፊቱን አዙሮ ይቆማል። ከዚያ በሩ ይዘጋል፤ ወላጅ ውጪ ሆኖ ያናግረዋል። ከዚያ እናት ከቤቷ ደጃፍ ሆና መንገዱን ታያለች፤ ልጁ ሄዶ ይመለሳል። ይህን ለጥቂት ሳምንት ያለ ችግር ከሠራ በቀን ብቻውን መሄድ ይችላል።

የ8 ዓመት እኅት የ4 ዓመት ወንድሟን ይዛ እንድትሄድ ማድረግ የተለመደ ነው። ለመንገዱ ጥሩ ጓደኛ ትሆናለች፤ ጠባቂ ግን አይደለችም። ቀዳዳው ላይ ቢንሸራተት መያዝ አትችልም፤ ትልቅ ሰው ቢመጣባቸውም አትመክትም።

ልጅ ልብሱ ላይ ቢያመልጠው መቆጣት ነገሩን ያበላሻል። ቁጣ የፈራ ልጅ ሽንቱንና ሰገራውን መያዝ ይጀምራል፤ የያዘ ልጅ ሆዱ ይደርቃል፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም ያገኘዋል። ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው። ከኬጂ ጀምሮ ቀኑን ሙሉ ሽንቱን ይዞ ቤት ሲደርስ የሚሮጥ ልጅ ካለ፣ "ለምን ያዝከው?" ብሎ በእርጋታ መጠየቅ ይገባል። መልሱ ብዙ ጊዜ "ይሸታል"፣ "በሩ አይዘጋም" ወይም "ትልልቆቹ ይገፉናል" ነው። ያን ጊዜ ወላጅ ሄዶ የትምህርት ቤቱን ሽንት ቤት ራሱ ይየው፤ ያየውንም ለመምህሯ ይንገር።

ማታ ሌላ ጉዳይ ነው

ከጨለመ በኋላ ዕድሜ አይቆጠርም፤ ልጅ ብቻውን ከግቢ አይውጣ። ቆሻሻ ባለበት ጅብ አይጠፋም፤ መብራት ሲሄድም ቀን የሚታወቀው መንገድ የማይታወቅ ይሆናል። ለዚህ መፍትሔው ፖፖ ነው። ክዳን ያለው ፖፖ ወይም ባልዲ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ለ9 ዓመት ልጅም ነውር የለውም። ጠዋት የሚደፋው ግን ሽንት ቤት ውስጥ ይሁን። የሕፃን ካካ ንጹሕ ነው የሚለው አባባል ስህተት ነው፤ በሽታ የሚያመጡት ተውሳኮች እዚያም አሉ። ዲች ውስጥ ቢደፋ ወይም በፌስታል ተቋጥሮ ቢጣል ተመልሶ የሰፈሩ ልጆች እጅ ላይ ይደርሳል።

ከሰፈር ሲወጡ

በከተማው ያሉ የሕዝብ መጸዳጃ ቤቶች ብዙዎቹ ገንዘብ የሚቀበል ጠባቂ አላቸው። ይህ ሰው ለወላጅ ትልቅ እርዳታ ነው። ማን እንደገባ ያያል፤ ቀድሞም ስለ ውስጡ መጠየቅ ይቻላል። መግቢያና መውጫው አንድ ከሆነ ወላጅ እዚያው ቆሞ መጠበቅ ይችላል። ሁለት በር ካለው ልጅን ብቻውን ማስገባት አይበጅም።

እናት ወንድ ልጇን ይዛ ወደ ሴቶች በኩል ብትገባ እስከ 7 ዓመቱ ድረስ ማንም አይከፋውም። የሚከብደው አባት ሴት ልጁን ይዞ ሲወጣ ነው። በወንዶች በኩል ቆመው የሚሸኑበት ቦታ ክፍት ስለሆነ አባት ያፍራል፤ ልጅቷም ትጨነቃለች። እንዲህ ሲሆን ለጠባቂዋ "እኅቴ፣ ልጄን ላስገባት ነው፤ እዚህ በሩ ላይ ልቁም?" ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ባዶ ክፍል አይታ ትነግረዋለች። ልጅቷ ትንሽ ከሆነች ደግሞ ወንዶች በኩል ወስዶ በር ባለው ክፍል ማስገባትና በሩ ላይ መቆም ምንም ነውር የለበትም። መንገድ ላይ ላገኟት የማያውቋት ሴት "እባክሽ አስገቢልኝ" ብሎ ልጅን መስጠት ግን መልካም አይደለም። ልጁ ውስጥ ሲቆይ በስም እየጠሩ ማናገር ሁለት ጥቅም አለው፦ ልጁ አይፈራም፤ ውስጥ ያለ ሰውም ልጁ ጠባቂ እንዳለው ያውቃል።

ልጅን ምን እንንገረው?

ብዙ ወላጅ ስለዚህ ጉዳይ ማውራት ያፍራል፤ ልጅም በሚያፍሩበት ነገር ላይ ዝም ማለትን ይማራል። የሚነገረው አጭር ነው። "ሽንት ቤት ስትገቢ ማንም አብሮሽ አይገባም። ልብስ የሚሸፍነውን ገላሽን ማንም አይነካም፤ አያይም፣ ፎቶም አያነሳም። ከረሜላ ሰጥቶ ለማንም አትንገሪ ቢልሽ ሮጠሽ ንገሪኝ፤ አልቆጣሽም።" ይህ ለወንድ ልጅም በእኩል ይነገር። ወንድ ልጅ አይነካም የሚለው እምነት ብዙ ወንዶች ልጆችን ያለ ጥበቃ አስቀርቷል።

"ከማታውቀው ሰው ጋር እንዳትሄድ" ማለት ብቻ አይበቃም። በልጆች ላይ ጥቃት ከሚያደርሱት አብዛኞቹ ልጁ የሚያውቃቸው ናቸው፦ ጎረቤት፣ ዘመድ፣ ቤት የሚመላለስ ሰው። ስለዚህ ልጁ ሰውየውን ሳይሆን ድርጊቱን እንዲለይ ማስተማር ያስፈልጋል።

ጥቃት ከደረሰ ልጁን ማመን ይቅደም። ገላውን ከማጠብ በፊት፣ ልብሱንም ሳያጥቡ በወረቀት ወይም በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ፣ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው፤ በቶሎ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይረዳል። በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ የምክር አገልግሎቱንና የፖሊስ ምርመራውን በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለ። የፖሊስ ስልክ 991 ነው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 627 ከ13 ዓመት በታች ባለች ልጅ ላይ የግብረ ሥጋ ድርጊት የፈጸመን ሰው ከ13 እስከ 25 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ስለዚህ ሽማግሌ ልኮ በካሳ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም፤ እንዲያልቅ የሚገፋ ጎረቤት ቢኖርም መስማት አይገባም።

የግቢው ድርሻ

ከላይ የተዘረዘረውን አንድ እናት ብቻዋን ልትፈጽመው አትችልም። በጋራ ሽንት ቤት የሚጠቀሙ ቤተሰቦች የጽዳት ተራ አላቸው፤ ቦቴ ሲጠራም አዋጥተው ይከፍላሉ። ያው ስብሰባ የልጆችንም ጉዳይ ያንሳ። መቀርቀሪያውን ዝቅ አድርጎ መምታት አንድ ሚስማርና አንድ ሰው ይበቃዋል። ቁልፉን ልጅ በሚደርስበት ቦታ መስቀል ምንም አያስወጣም። ለሰፊው ቀዳዳ የሚሆን ለልጅ የጠበበ የእንጨት መደብ አናጺ በአንድ ቀን ይሠራዋል። አምፖል፣ ጀሪካን ከቧንቧ ጋር፣ ሳሙና፣ በረኪና፦ እነዚህ ለብዙ ቤት ሲካፈሉ ትንሽ ናቸው። የወለሉ ስንጥቅና የጉድጓዱ መሙላት ከግቢው አቅም በላይ ከሆነ ለወረዳው በጽሑፍ ይቅረብ፤ ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም ታግዛለች። የቀበሌ ቤት የሚኖር ሰው ሽንት ቤቱ እንዲጠገን መጠየቅ መብቱ ነው።

ሌላው የግቢው ድርሻ ዓይን ነው። ልጅ ወደ ሽንት ቤት ሲሄድ ደጃፍ ላይ ቡና የምትቆላ ጎረቤት ቀና ብላ ታየው፤ ሲዘገይ "የት ደረስክ?" ብላ ትጥራው። አሳዳጊዎቻችን የጎረቤትን ልጅ እንደ ራሳቸው ልጅ የሚቆጡትና የሚመክሩት በዚህ ምክንያት ነበር። የቀረ ልማድ አይደለም፤ ዛሬም አለ፤ ለዚህ ጉዳይም መዋል አለበት።

እንግዲህ ልጄ 6 ዓመት ሞላው፣ ብቻውን ልልከው ወይ ብሎ ለሚጠይቅ ወላጅ መልሱ ይህ ነው፦ ዛሬ መንገዱን፣ በሩንና ወለሉን እይ፤ የጎደለውን ከጎረቤቶችህ ጋር አስተካክል፤ ከዚያ ልጁን በደረጃ አለማምደው። ወለሉ የሚያስተማምን፣ በሩ የሚከፈት፣ መንገዱ የሚታይ ሲሆን ልጁ ከምንገምተው ቀድሞ ራሱን ይችላል። እነዚህ ባልተሟሉበት ቦታ ግን ልጁ ስንት ዓመቱ ቢሆን አብሮት መሄድ የትልቅ ሰው ግዴታ ነው።